ፎቶውን የት አስቀመጥከው?

ወዳጆቼ፣ ዛሬ የምጽፈው ስለ ራሴ ጥፋት ነው። ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፤ አንድ ፎቶ ነው። ምክንያቱን ፍለጋ ስሄድ ግን ከሃምሳ ዓመት በፊት ወደነበረ አንድ የእንቁጣጣሽ ማታ ወሰደኝ። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ከጥቂት ጊዜ በፊት እዚሁ ቻናል ላይ ስለ 1966ቱ የወሎ ረሃብ ጽፌ ነበር። ለጽሑፉ አንድ ሳምንት ለፍቻለሁ። ዓመተ ምሕረቱን፣ የባለሥልጣናቱን ስም፣ ማን ከማን በፊት እንደተሾመ ሳይቀር ደጋግሜ አመሳክሬያለሁ። ፎቶውን የመረጥኩት ግን ልለጥፍ አምስት ደቂቃ ሲቀረኝ ነው። ጉግል ላይ «የወሎ ረሃብ» ብዬ ጻፍኩ፤ ልብ የሚሰብር ምስል መጣልኝ፤ አወረድኩና ከጽሑፉ አናት ላይ አስቀመጥኩት። አንዲት እናት ናት። ነጠላዋን ተከናንባ ልጇን ታቅፋለች፤ ከኋላዋ መጠለያ ይታያል። ከሥሩ ምንም አልጻፍኩም። ምስሉ ራሱ ይናገራል ብዬ ነዋ!

በማግስቱ ከደሴ አንድ አባት በውስጥ መስመር መልእክት ላኩልኝ።

«ልጄ፣ ጽሑፍህን አነበብኩት፤ እግዜር ይስጥልኝ። ፎቶው ግን የ66 አይደለም። የ77 ነው፤ ኮረም። ከሴትዮዋ ኋላ የሚታየውን መጠለያ ካቆሙት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። የ77ን ሰው ለምን ለጃንሆይ ታስቆጥራለህ?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ላይ በልቤ ተከራከርኳቸው። ረሃብ ረሃብ ነው፤ እናት እናት ናት፤ አገሩም ያው ወሎ ነው፤ የአሥር ዓመት ልዩነት ምን ያመጣል አልኩ። ማታ ተኝቼ ሳስበው ግን የመጨረሻዋ ጥያቄያቸው አላስተኛ አለችኝ። «ለምን ታስቆጥራለህ?» እውነትም አስቆጥሬያለሁ። በአንድ መንግሥት ዘመን የተራበችን ሴት አንሥቼ በሌላ መንግሥት ሒሳብ ላይ ጽፌያታለሁ። አንድም የሐሰት ቃል ሳልጽፍ፣ ፎቶውን ያለቦታው በማስቀመጥ ብቻ።

ለመሆኑ ፎቶና ጽሑፍ እንዴት በአንድ ገጽ ላይ ተገናኙ?

ፎቶግራፍ ለዓለም ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1839 ፓሪስ ውስጥ ነው። ጋዜጣ ደግሞ ከዚያ በፊት ብዙ ዘመን ኖሯል። ሁለቱ ግን ለአርባ ዓመታት ያህል ተራርቀው ቆዩ፤ ምክንያቱም ፎቶግራፍ ከእርሳስ ፊደል ጋር በአንድ ማተሚያ ላይ አይታተምም ነበር። ጋዜጣው ፎቶ ማውጣት ሲፈልግ ፎቶውን ለቅርጽ ባለሙያ ይሰጠዋል። ባለሙያው እያየ በእንጨት ላይ ይቀርጸዋል፤ የሚታተመው የእንጨቱ ቅርጽ ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የማቲው ብሬዲ ፎቶግራፎች «ሃርፐርስ ዊክሊ» በተባለው ሳምንታዊ ላይ የወጡት በዚህ መንገድ ነበር። እንጨት ቀራጩ ሰው ሊጨምር፣ ዛፍ ሊቀንስ፣ ሰማዩን ሊያጠቁር ይችላል። አንባቢውም የሰው እጅ እንደገባበት ያውቃል።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 4 ቀን 1880 «ዴይሊ ግራፊክ» የተባለ የኒው ዮርክ ጋዜጣ አዲስ ነገር ይዞ ወጣ። ስቲቨን ሆርገን የተባለ ባለሙያ ፎቶውን በጥቃቅን ነጥቦች ከፋፍሎ አሳተመው። ነጥቡ ወፍራም ሲሆን ጥቁር፣ ቀጭን ሲሆን ነጣ ያለ ሆኖ ይታያል፤ ከሩቅ ሲያዩት ፎቶ ነው። የድሮ ጋዜጣ ፎቶ ጠጋ ብላችሁ አይታችሁ ከሆነ እነዚያን ነጥቦች ታውቋቸዋላችሁ። ያ ፎቶ ምን ያሳይ ነበር መሰላችሁ? የድሆች ሰፈር። የኒው ዮርክ ደሳሳ ጎጆዎች። በዕለታዊ ጋዜጣ ላይ በነጥብ ከታተሙት የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ውስጥ የሚቆጠረው የድሃ ቤት ምስል ነው።

ከዚያ በኋላ ፎቶና ፊደል በአንድ ገጽ አብረው መኖር ጀመሩ። አብረው ሲኖሩ ደግሞ ቀድሞ ያልነበረ ሥራ መጣ። ፎቶው ከላይ ይሁን ከታች? ይስፋ ይጥበብ? ጠርዙ ይቆረጥ? ከሥሩ ምን ይጻፍ? ይህን የሚወስነው ፎቶውን ያነሣው ሰው አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ጽሑፉን የጻፈውም አይደለም። አዘጋጁ ነው። አንባቢውም ይህን ሰው አያየውም። የእንጨቱ ዘመን ሲያልፍ የሰው እጅ የወጣ መሰለን እንጂ እጁ አልወጣም፤ ከምስሉ ውስጥ ወደ ምስሉ ዙሪያ ተዛወረ።

ቦታ ራሱ ቃል ነው

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ማንም ሊያስተምረን አይገባም ነበር። በግብር አዳራሽ ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ ለዘመናት ስንጠነቀቅ የኖርን ሕዝብ ነን። ጋዜጣችንም ያንኑ ሥርዓት ወርሷል። አዲስ ዘመን በ1933 ዓ.ም. ከተመሠረተ ጀምሮ ጃንሆይ እስከወረዱ ድረስ የጃንሆይ ፎቶ የፊት ገጹ ባለቤት ነበር ማለት ይቻላል። ትምህርት ቤት ሲመርቁ፣ እንግዳ ሲቀበሉ፣ ችግኝ ሲተክሉ። ገጹን ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ማን የበላይ እንደሆነ ከአቀማመጡ ያውቃል።

የፊት ገጽ እንዳለ ሁሉ ገጽ ያጣም አለ። በ1965 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ የመንግሥት ጋዜጦች ዝም አሉ። በዚያው ዓመት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ወርደው ያመጧቸው ፎቶግራፎች በግቢው ውስጥ ለእይታ ቀርበው ነበር። ተማሪው አየ፣ ተቆጣ። ከግቢው አጥር ውጭ ያለው ሕዝብ ግን አላየም። ፎቶው ነበረ፤ የሚቆምበት ገጽ ግን አልነበረውም።

ከዚያ ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ አይቲቪ የጆናታን ዲምብልቢን ፊልም አሳየ። ርዕሱ «ያልታወቀው ረሃብ» እንደማለት ነው። የአውሮፓ ሕዝብ ገንዘብ አዋጣ፤ ዓለም ስለ ወሎ ሰማ። የአዲስ አበባ ሰው ያንን ፊልም በቴሌቪዥን እስኪያይ ግን ወደ አንድ ዓመት ሊጠጋ ነው። ሲያይም ያየው እንደተሠራው አይደለም።

የእንቁጣጣሽ ማታ

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ሩሲያ ልውሰዳችሁና ቶሎ እንመለሳለን። ሌቭ ኩሌሾቭ የሚባል የሶቪየት የፊልም አዘጋጅ ከመቶ ዓመት በፊት አንድ ሙከራ አድርጎ ነበር። የአንድ ተዋናይን ፊት፣ ምንም ስሜት የማይታይበትን፣ ወሰደ። ከፊቱ ቀጥሎ አንዴ የሾርባ ሳህን፣ አንዴ የሬሳ ሣጥን፣ አንዴ ደግሞ አንዲት ሴት እያስከተለ አሳየ። ተመልካቹ በሾርባው ጊዜ «እንዴት ርቦታል!»፣ በሣጥኑ ጊዜ «እንዴት አዝኗል!» አለ ይባላል። ፊቱ ግን ያው አንድ ፊት ነው። ሁለት ምስል ጎን ለጎን ሲቆም፣ በአንዱም በሌላውም ውስጥ የሌለ ሦስተኛ ነገር ይወለዳል። የሚወልደው ደግሞ የተመልካቹ ልብ ነው፤ ስለዚህ ማንም ነገረኝ አይልም። ራሴ አየሁ ይላል።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ሰው የአዲስ ዓመት ድግሱን በልቶ ቴሌቪዥን ባለበት ቤት ተሰብስቧል። ደርግ የዲምብልቢን ፊልም አቀረበ። ግን ፊልሙን ሌላ ምስል አስገብቶበታል። የወሎ ሕፃን አጥንቱ ይታያል፤ ቀጥሎ የቤተ መንግሥት ድግስ። እናት ሬሳ ታቅፋለች፤ ቀጥሎ የሠርግ ኬክና ሻምፓኝ። የሚሞት ሽማግሌ፤ ቀጥሎ ጃንሆይ ውሾቻቸውን ሥጋ ሲያበሉ። ንጉሡም ፊልሙን እንዲያዩ ተነግሯቸው ነበር ይባላል። በማግስቱ፣ መስከረም 2፣ ከቤተ መንግሥታቸው አውጥተው በቮልስዋገን ወሰዷቸው። ያቺ ቮልስዋገን ራሷ የዘመን ፎቶ ሆና ቀርታለች።

እንግዲህ ዳኝነቱን እንካፈል። ፊልሙ ውሸት ነበር? በፊልሙ ውስጥ አንድም የተፈበረከ ምስል የለም። ወሎ እውነት ተርቧል። ድግሱም እውነት ተደግሷል። መንግሥት ረሃቡን መደበቁም እውነት ነው፤ ይህን ይቅር የምንለው አይደለም። ሆኖም ወሎን የቀረጸው አንድ ሰው፣ ድግሱን የቀረጸው ሌላ ሰው፣ ጊዜውም ሌላ ነው። ጎን ለጎን ያቆማቸው ደግሞ ሥልጣን የፈለገ ሦስተኛ ወገን ነው። ድርቁ፣ የመሬት ስሪቱ፣ የጭሰኛው ዕዳ፣ የክፍለ ሀገሩ ሪፖርት የት ጠረጴዛ ላይ እንደቀረ፣ ይህ ሁሉ በሁለቱ ምስሎች መካከል ባለችው ጠባብ ስንጥቅ ገብቶ ጠፋ። የቀረው «ውሻው በላ፣ ልጁ ሞተ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ያቺ ዓረፍተ ነገር በጽሑፍ ብትመጣ ኖሮ ሰው ይጠይቃት ነበር፤ ይከራከራት ነበር። በምስል ስለመጣች የሚጠይቃት አልተገኘም።

ጥያቄ አለመኖሩ ምን አመጣ? ከሁለት ወር በኋላ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ወደ 60 የሚጠጉ ባለሥልጣናትና መኮንኖች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ከነሱ ውስጥ ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን፣ ይገኙበታል። ፊልሙ ገደላቸው አልልም፤ ጥይት የተኮሰው ሰው ነው። ነገር ግን አገሩ በዓይኑ ፈርዶ ጨርሶ ነበርና ችሎት የት አለ ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው።

ቁና መልሶ ይሰፍራል

ታሪክ ምጸት ይወዳል። መስከረም 1977 ዓ.ም. ደርግ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት ሲያከብር አዲስ አበባ በቀይ ባንዲራና በማርክስ፣ በኤንግልስና በሌኒን ግዙፍ ምስሎች አጊጣ ነበር። ሰሜኑ ደግሞ ዳግመኛ ተርቧል። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ከኮረም የተላከውን ዘገባ አሳየ። ዘጋቢው ማይክል በርክ፣ ካሜራውን የያዘው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነው። ዘገባው ከ400 በሚበልጡ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ታየ። ወዲያው የዓለም ጋዜጠኛ የአሥረኛውን ዓመት ድግስና የኮረምን ሬሳ በአንድ ዜና ጎን ለጎን ማቆም ጀመረ። ደርግ በ1967 በጃንሆይ ላይ የሠራው አቀማመጥ ራሱ ላይ ተሠራበት። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም።

እንግዲህ እኔ ምን እንዳደረግሁ ተመልከቱ። የዚያችን የ77 እናት ፎቶ ወስጄ የ66 ጽሑፍ አናት ላይ ሳስቀምጥ፣ ሳላውቀው ያንን የእንቁጣጣሽ ማታ ፊልም መልሼ አዘጋጀሁት። እንዲያውም ከደርግ ባስኩ፤ ደርግ ቢያንስ የ66ን ሰው ለ66 ነው ያሳየው። እኔ ደርግ ራሱ ሊጠየቅባት የሚገባትን ሴት ለንጉሡ አሸከምኩ። የደሴው አባት በአንዲት ጥያቄ የነገሩኝ ይህንን ነበር።

ስም የሌለው ፊት

ከቦታው ሌላ ከሥሩ የሚጻፈው ነገር አለ። የ77ቱ ምስሎች ለእርዳታ ጠቅመዋል፤ ይህን መካድ ግፍ ነው፤ በነሱ ምክንያት የተረፈ ሰው ዛሬ በመካከላችን አለ። ግን በዓለም ጋዜጦችና በእርዳታ ፖስተሮች ላይ ሲዞሩ ፊቶቹ ብዙውን ጊዜ ስም አልነበራቸውም። «የተራበ ሕፃን፣ ኢትዮጵያ» ይላል፤ በቃ። ጠርዙ እየተቆረጠ ሲሄድ ደግሞ ልጁን ያቀፈው አባት፣ ከጎን የቆመችው ነርስ፣ ውኃ ይዞ የሚመጣው ጎረቤት ከምስሉ ወጡ። የሚረዳዳ ሕዝብ ከፎቶው ተቆርጦ ወጥቶ ብቻውን የተቀመጠ ሕፃን ቀረ። ብዙዎቻችን ውጭ አገር «ከኢትዮጵያ ነኝ» ስንል በሰው ዓይን ውስጥ የምናየው ያንን የተቆረጠ ፎቶ ነው።

ከነዚያ ሕፃናት አንዷ ስሟ ታወቀ። ብርሃን ወልዱ ትባላለች። በ1977 የካናዳ ቴሌቪዥን ሲቀርጻት የመሞቻዋ ሰዓት ደርሷል ተብሎ ነበር። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ፊቷ በሚሊዮኖች ፊት ታየ፤ ማን እንደሆነች ግን ተመልካቹ አያውቅም። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 25 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ ለንደን ሃይድ ፓርክ መድረክ ላይ ወጣት ሴት ሆና በእግሯ ቆመች። ያኔ ሕዝቡ ደነገጠ። ለምን ደነገጠ? ፎቶው ውስጥ ያለው ሰው ከፎቶው በኋላ ይኖራል ብሎ አስቦ ስለማያውቅ ነው።

ከ77 በኋላ ይህ ነገር የእርዳታ ድርጅቶቹንም አሳፈረ። እ.ኤ.አ. በ1989 የአውሮፓ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ጠቅላላ ጉባኤ ስለ ምስልና መልእክት የሥነ ምግባር ደንብ አጸደቀ። ጥቅሉ፣ ሰውን ተመጽዋች ብቻ አድርጎ ከሚያሳይ ምስል ተቆጠቡ፣ ክብሩን ጠብቁ የሚል ነው። ደንቡ የወጣው ለትልልቆቹ ድርጅቶች ነበር። ያኔ ፎቶ ለሚሊዮን ሰው ማድረስ የተራ ሰው አቅም አልነበረምና።

ዛሬ አዘጋጁ አንተ ነህ፣ አንቺ ነሽ

ዛሬ ያ ሥልጣን በየኪሳችን ነው። ለዚህ ነው ነገሩን ያነሣሁት። እኛ ቴሌግራም ላይ የምንጽፍ ሰዎች አንድ ችግር እናውቃለን። ከፎቶ ሥር የሚገባው ጽሑፍ በልክ የተወሰነ ነው፤ ረጅም ጽሑፍ አይችልም። ስለዚህ ፎቶውን ለብቻ፣ ጽሑፉን ለብቻ እንለጥፋለን። ከዚያ ሰው ፎቶውን ብቻውን ያስተላልፈዋል። ጽሑፉ እዚህ ይቀራል፤ ፎቶው ሌላ ግሩፕ ገብቶ ሌላ ቃል ይለጠፍበታል። እኔ በኋላ ባርመው ቀድሞ የተላለፈው ቅጂ አብሮ አይታረምም። ባለፉት ዓመታት በአገራችን ጦርነት ውስጥ የሌላ አገር ሬሳ የኛ ነው ተብሎ፣ የአምና እሳት የዛሬ ነው ተብሎ ስንት ጊዜ አየን? ስንቱስ በዚያ ተነሣሥቶ ጎረቤቱን በክፉ ዓይን አየ?

ስለዚህ ለራሴ ሕግ አውጥቻለሁ። የሚጠቅማችሁ ከሆነ ውሰዱት።

አንደኛ፣ ፎቶውን የሚመሰክርለት አንቀጽ አጠገብ አስቀምጣለሁ። አንባቢ ለመጥራት ብቻ አናት ላይ አልሰቅለውም። ስለ 66 ለሚናገር አንቀጽ የ66 ፎቶ ከሌለኝ፣ ያለ ፎቶ ይሂድ።

ሁለተኛ፣ ከሥሩ አራት ነገር እጽፋለሁ፤ ማን፣ የት፣ መቼ፣ ማን አነሣው። ያላወቅሁትን «አይታወቅም» ብዬ እጽፋለሁ። አንሺውም ስም አለው። መሐመድ አሚን በ1983 አዲስ አበባ የጥይት ግምጃ ቤት ሲፈነዳ እጁን አጥቷል፤ በ1989 በተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ኮሞሮስ አጠገብ ሞቷል። የዚህን ሰው ፎቶ «ከኢንተርኔት የተገኘ» ብሎ መለጠፍ ነውር ነው።

ሦስተኛ፣ ጠርዙን ከቆረጥኩ ምን እንደቆረጥኩ እናገራለሁ። አራተኛ፣ ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን ሳቆም መጀመሪያ የሚሉትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ እጽፈዋለሁ። ዓረፍተ ነገሩን በስሜ ፈርሜ ለማውጣት ከፈራሁ፣ ፎቶዎቹም አይወጡም። አምስተኛ፣ የተራበ ወይም የሞተ ሰው ምስል ከሆነ «እናቴ ብትሆንስ?» እላለሁ።

አምስቱም ተደምረው አሥር ደቂቃ አይፈጁም። ለጽሑፉ ሳምንት ለሰጠ ሰው አሥር ደቂቃ ምን አላት?

ለደሴው አባት መልሼ ጻፍኩላቸው። ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ፎቶውን ከ66ቱ ጽሑፍ ላይ አነሣሁት፤ ለምን እንዳነሣሁትም እዚያው ገለጽኩ። «አባቴ፣ የሴትዮዋን ስም ያውቁታል?» ብዬም ጠየቅኳቸው። ሁለት ቀን ቆይተው መለሱልኝ።

«ስሟን አላውቀውም ልጄ። ብዙ ነበሩ። ልጁን ግን ውኃ አጠጥቼዋለሁ።»

ስለ 77 ስጽፍ ፎቶዋን በቦታዋ አስቀምጣለሁ። ከሥሯም ኮረም፣ 1977 ዓ.ም.፣ ስሟ አይታወቅም ብዬ እጽፋለሁ። ከናንተ መካከል የሚያውቃት ካለ ይንገረኝ።

ቸር ይግጠመን።